በኢንተርኔት ስለሚላክ ቅጽና ስለ አቀባበሉ

በአዲስ አበባ ከተማ በደቡብ በኩል ነፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ሽቦ ከሌለው ቴሌግራፍ የመጣ ነው፤ ቃል ያለ ሽቦ በአየር ተጕዞ ከሩቅ አገር መድረሱን ያየ ሕዝብ ነገሩን የነፋስ ስልክ ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ለሰፈሩ ቀረ። ቴሌግራፍ የሚመታ ጸሓፊ አንድ የሥራ ደንብ ነበረው። ይኸውም፥ ቃሉ ከላኪው እጅ ስለ ወጣ ብቻ ደረሰ አይባልም፤ ተቀባዩ ቃሉን ሰምቶ፥ የጐደለውን ጠይቆ፥ «ደርሶኛል» ብሎ ሲመልስ ነው ሥራው ተፈጸመ የሚባለው።

ዛሬ በዚያው ክፍለ ከተማ፥ በጀሞ፥ በለቡ፥ በመካኒሳና በጎፋ የሚኖር ሰው ብዙ ጕዳዩን የሚልከው በኢንተርኔት ነው። ልጁን ለትምህርት ለማስመዝገብ፥ ፓስፖርት ለማሳደስ፥ ሥራ ለመጠየቅ በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ላይ ቅጽ ይሞላል፤ ሞልቶም ሲጨርስ «ላክ» የሚለውን ቍልፍ ይጫናል። ቍልፉ ከተጫነ በኋላ የሚሆነውን ግን ከሞሉት ሰዎች ብዙዎቹ አያውቁትም፤ ድረ ገጽ ከሚሠሩትም መካከል ሁሉም በሚገባ ያሰቡበት አይደለም።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጽ፥ በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. በጀሞ ካለ ኢንተርኔት ቤት የገባች አንዲት እናት ትታሰብ። ልጅዋ የተወለደችው ኅዳር 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ በሚመጣው መስከረም አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። የምዝገባው ቅጽ በድረ ገጽ ወጥቷል፤ የሚዘጋውም በማግሥቱ ነው። እናቲቱ ከሥራዋ ፈቃድ ያገኘችው ለግማሽ ቀን ብቻ ሲሆን፥ ኢንተርኔት ቤቱም የሚያስከፍለው በሰዓት ነው። ቅጹን የሠራው ሰው እርስዋን አያያትም፤ እርስዋም እርሱን አታየውም። በመካከላቸው ያለው ቅጹ ብቻ ስለ ሆነ፥ የሠሪው ስሕተት ሁሉ የሚወድቀው በእርስዋ ላይ ነው።

ቅጽ በድረ ገጽ ላይ ሲታይ የወረቀት ቅጽ ይመስላል፤ ስም የሚጻፍበት፥ ቀን የሚጻፍበት፥ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን አለው። ለዓይን የማይታየው ግን ለያንዳንዱ ሳጥን ሠሪው የሰጠው መጠሪያ መኖሩ ነው። እናቲቱ በሳጥኑ ውስጥ የልጅዋን ስም ስትጽፍ፥ ኮምፒዩተሩ የሳጥኑን መጠሪያና የተጻፈውን ቃል ጥንድ አድርጎ ይይዛል። «ላክ» የሚለው ቍልፍ በተጫነ ጊዜ እነዚህ ጥንዶች ባንድነት ታስረው ሰርቨር ወደሚባለው ኮምፒዩተር ይሄዳሉ፤ ሰርቨር ማለት በሌላ ስፍራ ተቀምጦ የብዙ ሰዎችን ጥያቄ እየተቀበለ መልስ የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። መጠሪያ ያልተሰጠው ሳጥን ቢኖር ግን በውስጡ የተጻፈው ከቶ አይላክም። ብዙ ጀማሪ ሠሪዎች «የተጻፈው ወዴት ጠፋ» እያሉ ሌሊቱን የሚያነጉት በዚህ ትንሽ ነገር ነው።

አሠራሩ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በሚባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ድርን ያሰበው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ይነበቡ ነበር እንጂ ሰው የሚጽፍባቸው አልነበሩም። በኋላ በ1995 እርሱና ዳን ኮኖሊ ባዘጋጁት የኤችቲኤምኤል ደንብ ውስጥ የቅጽ አሠራር በሥርዓት ተጻፈ። በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ሥራ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፥ ይህም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1997 ነው። እዚህ ላይ ሁለት 1989 ዓመታት እንዳሉና በመካከላቸው ስምንት ዓመት ያህል ርቀት እንዳለ አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ የዘመን መለያየት ወደ ኋላ በእናቲቱ ላይ ችግር ሲያመጣ ይታያል።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ነው። ስለዚህ የተጻፈው ሁሉ ከመላኩ በፊት ወደ ቍጥር ይለወጣል። የዓለም ፊደላት ሁሉ ባንድ መዝገብ እንዲቈጠሩ ዩኒኮድ የሚባል ደንብ ወጥቷል፤ የግዕዝ ፊደልም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ገብቷል። ከዚያ በፊት በአማርኛ መጻፊያ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የየራሳቸውን ቍጥር ይሰጡ ስለ ነበር፥ ባንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። በዩኒኮድ «አ» የተባለው ፊደል 4768ኛው ነው። ይህ ቍጥር ባንድ ባይት አይገባም፤ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለውን ቍጥር ብቻ የሚይዝ የኮምፒዩተር መስፈሪያ ነውና። ስለዚህ በሚላክበት ጊዜ ወደ ሦስት ባይት ይከፈላል፤ እነርሱም 225፥ 138ና 160 ናቸው። የላቲን ፊደል አንዱ ባንድ ባይት ሲገባ፥ የግዕዝ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት ይፈልጋል ማለት ነው።

ይህ ነገር የሊቃውንት ጕዳይ ብቻ አይደለም። የልጅቱ አያት ስም ወልደ ጊዮርጊስ ነው እንበል። ፊደሎቹ ስምንት ሲሆኑ 24 ባይት፥ በመካከል ያለው ክፍት ቦታ አንድ ባይት፥ በጠቅላላው 25 ባይት ይሆናል። ቅጹን የሠራው ሰው በላቲን ፊደል አስቦ «ለስም 20 ባይት ይበቃል» ብሎ መዝገቡን ቢያጠብበው፥ በመዝገቡ የሚገባው «ወልደ ጊዮር» የሚል ብቻ ነው፤ ከበስተኋላውም የተሰበረ ፊደል ምልክት ይቀመጣል። እናቲቱ በፊትዋ የምታየው ሙሉ ስም ነው፤ ስሙ የተቈረጠው ከላከች በኋላ ነው። ይህን የምታውቀው ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ ልጅቱ የፈተና ወረቀት ስትቀበል ነው። የስም ርዝመት በባይት ሳይሆን በፊደል ቢቈጠር፥ ቦታውም ሰፋ ተደርጎ ቢሰጥ ይህ ሁሉ አይደርስም።

ቅጽ የሚላክባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጌት፥ ሁለተኛው ፖስት ይባላል። ጌት የተባለው የተጻፈውን ነገር በአድራሻው ላይ ቀጥሎ ይልከዋል፤ ይህም ደብዳቤን በፖስታው ውስጥ በማስገባት ፈንታ በፖስታው ጀርባ ላይ እንደ መጻፍ ነው። መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል፤ ብራውዘር በሚባለው የገጽ መክፈቻ ውስጥም ይቀራል፤ በሰርቨሩ የዕለት መዝገብም ይጻፋል። ሰው በለቡ ካለው የባቡር ጣቢያ ወደ ድሬ ዳዋ የሚነሣውን ባቡር ሰዓት ለማወቅ ቢፈልግ በዚህ መንገድ ቢጠይቅ ምንም ጕዳት የለውም፤ ምስጢር የለበትምና፥ አሥር ጊዜ ቢጠየቅም በመዝገቡ የሚለወጥ ነገር የለምና። ፖስት የተባለው ግን የተጻፈውን በውስጥ አድርጎ ይልከዋል፤ በመዝገብ አዲስ ነገር የሚጨምር፥ የሚለውጥ ወይም ገንዘብ የሚያስተላልፍ ቅጽ ሁሉ በዚህ መላክ ይገባዋል። ሆኖም ፖስታው ካልታሸገ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። የማሸጉን ሥራ የሚሠራው ኤችቲቲፒኤስ የሚባለው ነው፤ የሰው ስም፥ የመታወቂያ ቍጥርና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ያለዚህ ሊሠራ አይገባውም። እናቲቱ ቅጹን የሞላችው በኪራይ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የልጅዋ ነገር ሁሉ በጌት ተልኮ ቢሆን ኖሮ፥ ከእርስዋ በኋላ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ያነበው ነበር።

ቅጹ ሲደርስ መመርመር አለበት። ምርመራው በሁለት ስፍራ ነው፤ ቅጹ ገና በእናቲቱ ፊት ሳለ በብራውዘሩ፥ ደግሞ ከደረሰ በኋላ በሰርቨሩ። የመጀመሪያው በደጅ እንደ ቆመ ደግ አስተናጋጅ ነው፤ «የስልክ ቍጥርዎን ረስተዋል» ብሎ ሰው ሳይደክም አስቀድሞ ይነግራል። ነገር ግን ብዙ ሠሪዎች በዚህ ይታለላሉ፤ በደጅ አስተናጋጅ ካለ በውስጥ መርማሪ አያስፈልግም ይላሉ። ክፋት ያሰበ ሰው ግን በደጅ አይገባም። ገጹን ከቶ ሳይከፍት፥ ቅጽ የሚመስል ነገር በራሱ ፕሮግራም አዘጋጅቶ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ሊልክ ይችላል። ሰርቨሩም የመጣለት ከእናቲቱ ይሁን ከሌባ በዓይኑ አይለይም። ስለዚህ በሰርቨሩ ያለው ምርመራ ከቶ ሊቀር የማይገባው ነው፤ በብራውዘሩ ያለው ምርመራ ግን ለሰው ድካም መቀነሻ የተደረገ ቸርነት ነው።

ክፉ ሰው ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። መዝገብ የያዘ ኮምፒዩተር ኤስኪውኤል በሚባል ቋንቋ ይታዘዛል። ያልጠነቀቀ ሠሪ ሰው በሳጥኑ የጻፈውን ከራሱ ትእዛዝ ጋር ቀጥሎ ባንድ ላይ ያነበዋል። እንግዲህ አንድ ሰው በስም ሳጥን ውስጥ ስም በመጻፍ ፈንታ «መዝገቡን ሁሉ ደምስስ» የሚል ትእዛዝ በዚያ ቋንቋ ቢጽፍ፥ ኮምፒዩተሩ ትእዛዙ የጌታው መስሎት ይፈጽመዋል። ደብዳቤ የሚያነብ ጸሓፊ በደብዳቤው ውስጥ «ለአምጪው መቶ ብር ስጥ» የሚል ቢያገኝና አለቃው ያዘዘው መስሎት ገንዘቡን ቢሰጥ እንደዚያ ነው። ይህ ተንኰል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1998 ጀምሮ በጽሑፍ ሲገለጽ ኖሯል፤ እስከ ዛሬም የሚጠቁ አልጠፉም። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቍጥር 958/2008 የኮምፒዩተር ወንጀል የሚያስቀጣ ቢሆንም፥ ሕጉ ሌባውን ይቀጣል እንጂ የተደመሰሰ መዝገብ አይመልስም። መድኃኒቱ ትእዛዙ አስቀድሞ ብቻውን እንዲዘጋጅ፥ ሰው የጻፈው ነገር ደግሞ በተለየ ቦታ እንዲገባና ሁልጊዜ እንደ ተራ ቃል ብቻ እንዲቈጠር ማድረግ ነው።

አንዳንዶች ግን በዚህ ፈንታ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋሉ። በተንኰለኛው ትእዛዝ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከፊደል ራስጌ የምትቀመጥ ትንሽ ጭረት ስላለች፥ «ይህች ጭረት ያለችበት ስም አይገባም» ብለው ይከለክላሉ። በቁቤ በሚጻፈው ኦሮምኛ ይህች ጭረት ሁዻ ትባላለች፤ የምትወክለውም እውነተኛ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሌባውን እንከለክላለን ብለው ወላጆቹ ባወጡለት ስም የመጣውን ሰው ከደጅ መለሱት። ሌባው ግን ሌላ መንገድ አያጣም።

መርማሪ ሐሰተኛውን እንዳያስገባ መጠንቀቁ ግማሽ ሥራ ነው፤ እውነተኛውን እንዳይመልስ መጠንቀቁ የቀረው ግማሽ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ የሚበዛውም በደል በዚህ በሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ለቅጽ መሥሪያ የሚሆነው መሣሪያ አብዛኛው በውጭ አገር ሰው ልማድ የተዘጋጀ ስለ ሆነ ነው።

ከስም እንጀምር። የኢትዮጵያ ሰው የራሱን ስም፥ የአባቱን ስምና የአያቱን ስም ይዞ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ሰብ ስም እንዲኖር ቢደነግግም፥ ሕዝቡ በልማዱ ጸና። ከውጭ የመጣ ቅጽ ግን «ስም» እና «የቤተ ሰብ ስም» ብሎ ሁለት ሳጥን ብቻ ያቀርባል። እናቲቱ በሁለተኛው ሳጥን ምን ትጻፍ? የባልዋን ስም ብትጽፍ አያቱ ቀረ፤ የአያቱን ብትጽፍ አባቱ ቀረ። ሚስትም በትዳር ስምዋን ስለማትለውጥ፥ የእናትና የልጅ ስም አይገጥምም። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከልጆቻቸው ጋር ድንበር ሲሻገሩ «ስማችሁ ስለማይመሳሰል ልጅህ መሆኑን አስረዳ» የሚባሉት ስለዚህ ነው። ሌላው ሠሪ ደግሞ «ስም ከሦስት ፊደል አያንስም» ብሎ ይደነግጋል። በላቲን ይህ እውነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሣራ፥ ሊያ፥ ኑር፥ አሊ የሚባሉ ሰዎች በግዕዝ ፊደል ሁለት ሁለት ፊደል ብቻ አላቸው። እንግዲህ ሣራ ስሟን በትክክል ጽፋ «ስምዎ ትክክል አይደለም» የሚል መልስ ታገኛለች። ለስም የሚበጀው ምርመራ እጅግ ትንሽ ነው፤ ባዶ አለመሆኑን ማየት ይበቃል።

የፊደል መወራረስም አለ። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በ«ፀ»፥ ሌላው በ«ጸ» ይጽፈዋል፤ መካከለኛውንም አንዱ በ«ሐ»፥ ሌላው በ«ሀ» ያደርገዋል። ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን አራት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። እናቲቱ ባንዱ ፊደል አስመዝግባ በሌላው ፊደል ብትፈልግ «እንዲህ ያለ ልጅ የለም» ይላታል። ለዚህ የሚሻለው መፍትሔ፥ ስሙን ባለቤቱ እንደ ጻፈው አንዲት ፊደል ሳይለውጡ ማስቀመጥ፥ ከአጠገቡ ደግሞ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ግልባጭ መያዝ ነው፤ በዚያ ግልባጭ ውስጥ ሞክሼዎቹ ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ይመለሳሉ። የሰውን ስም «አርሜ አስተካከልሁ» የሚል ፕሮግራም ግን ከሥልጣኑ አልፏል።

ከሁሉ የሚከፋው የቀን ነገር ነው። እናቲቱ ወደ ትውልድ ቀን ሳጥን በደረሰች ጊዜ፥ በኢንተርኔት ቤቱ የሚሠራው ልጅ፥ «እትዬ፥ ቀኑን በፈረንጅ ይጻፉት እንጂ፤» አላት። እርስዋም፥ «ልጄ፥ እኔ የማውቀው የወለድሁበትን ቀን ነው፤» ብላ 5/3/2011 ጻፈች፤ ኅዳር ሦስተኛው ወር ነውና። ቅጹም ዝም ብሎ ተቀበላት። ጕዳቱም ያለው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ያነበበው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ማርች 5 ቀን 2011 ብሎ ነው፤ ልጅቱ በእውነት የተወለደችው ግን በዚያው አቈጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 2018 ነው። ሰባት ዓመት ገና ሊሞላት ያለች ሕፃን በመዝገቡ ዐሥራ አራት ዓመት ያለፋት ሆነች። «ዕድሜዋ ለአንደኛ ክፍል አይሆንም» የሚለው መልስ የሚመጣው ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ልጅቱ በጥቅምት 30 ተወልዳ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር፤ 30/2/2011 ብላ እናትዋ በጻፈች ጊዜ፥ ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን ስለሌለው ቅጹ እምቢ ይል ነበርና፥ ስሕተቱ በዚያው ሰዓት ይታወቅ ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከቶ የሚገባበት የለውም፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚያውቅ ቅጽ ጥቂት ነውና። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፥ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፤ 2011 ዓ.ም.ና 2015 ዓ.ም. እንደዚህ ያሉ ዓመታት ነበሩ። ያን ቀን የተወለደውን ልጅ «ጳጉሜን 5 በል» ወይም «መስከረም 1 በል» ብሎ የሚመክር ጸሓፊ አይጠፋም፤ ሕፃኑም ዕድሜውን ሁሉ በሐሰት ቀን ይኖራል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወሩን በቍጥር ማስጻፍ ቀርቶ በስም ማስመረጥ ነው፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ዐሥራ ሦስቱ ወሮች በዝርዝር ይቅረቡ። ሰው ኅዳርን ሲመርጥ የማን ዘመን እንደ ሆነ ጥርጥር የለውም። ወደ አውሮፓው አቈጣጠር የመመለሱን ሒሳብ ኮምፒዩተሩ ይሥራ፤ ሒሳብ የእርሱ ሥራ ነውና። ከሠራም በኋላ ሁለቱን ቀኖች ጐን ለጐን አድርጎ፥ ዕድሜዋንም ጨምሮ ለእናቲቱ ያሳያት። «ልጅዎ ስድስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ናት» የሚል ቃል ብታይ፥ እውነቱን ከሐሰቱ ለመለየት የእናት ዓይን ይበቃል።

የሰዓትም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ቅጹ ከተቀበለ በኋላ «9፡00 ይምጡ» ብሎ ቀጠሮ ቢሰጣት፥ እርሱ ያለው ጧት በሦስት ሰዓት ነው፤ እርስዋ የምትመጣው ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ዘገየች ይባላል። «ጧት በ3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምንም ዋጋ አያስከፍልም።

የስልክ ቍጥር በስሙ ቍጥር ቢባልም በሒሳብ የሚደመርና የሚቀነስ አይደለም፤ ስለዚህ እንደ ቃል ይቀመጥ። እንደ ሒሳብ ቍጥር ከተቀመጠ በመጀመሪያ ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። በ09 የሚጀምር ብቻ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ቅጽም፥ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ስልክ የያዘውን ሁሉ ከውጭ ያስቀራል።

ስሕተት በተገኘ ጊዜ የሚነገርበት አነጋገርም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ብዙ ቅጾች በላይኛው ጠርዝ በቀይ ቀለም ባንድ የእንግሊዝኛ ቃል «ኢንቫሊድ» ብለው ያቆማሉ፤ የተጻፈውንም ሁሉ ያጠፉታል። ከዚህ የሚከፋ ደግሞ አለ፤ አንዱን ስሕተት ነግሮ፥ እርሱ ሲታረም ሁለተኛውን፥ እርሱም ሲታረም ሦስተኛውን የሚያወጣ። በሰዓት የምትከፍል እናት ለዚህ ሁሉ ከኪስዋ ታወጣለች። ደግ መርማሪ የጐደለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይነግራል፤ ስሕተቱ ባለበት ሳጥን አጠገብ፥ ሰውየው በሚያነበው ቋንቋ፥ ምን ቢጽፍ እንደሚሻል ጭምር ይነግራል፤ በደኅና የተጻፈውን ግን አይነካም።

አሁን እናቲቱ ሁሉን አርማ «ላክ» የሚለውን ተጫነች እንበል። በዚያች ደቂቃ መብራት ጠፋ፤ ወይም ኔትዎርኩ ተቋረጠ። ምን ሆነ? ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ቅጹ ከቶ አልደረሰም፤ ወይም ደርሶ በመዝገብ ሳይገባ ቀረ፤ ወይም በመዝገብ ገብቶ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ በመንገድ ጠፋ። ከእናቲቱ ወንበር ሲታይ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ገጹ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። መብራቱ ሲመለስ እንደ ገና ትጫናለች፤ ሌላ ምን ልታደርግ ትችላለች? የሆነው ነገር ሦስተኛው ከሆነ ግን፥ ባንድ ስም ሁለት ልጆች ተመዘገቡ። ከቅጹ ጋር ገንዘብ የሚከፈል ቢሆን፥ ለምሳሌ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ተለመደው በቴሌብር፥ ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው።

«ሁለት ጊዜ አይጫኑ» ብሎ በገጹ ላይ መጻፍ መፍትሔ አይደለም፤ የሚያስፈራ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። የሚገባው አሠራር እንዲህ ነው። ቅጹ ገና ሲከፈት ሰርቨሩ ለዚያ ቅጽ ብቻ የሚሆን፥ ለዓይን የማይታይ አንድ ልዩ ቍጥር ይሰጠዋል። ቅጹ ሲላክ ይህ ቍጥር አብሮ ይሄዳል። ሰርቨሩም አስቀድሞ መዝገቡን ይጠይቃል፤ ቍጥሩ ከዚህ በፊት ያልመጣ ከሆነ ይመዘግባል፤ የመጣ ከሆነ ግን ዳግመኛ ሳይመዘግብ የመጀመሪያውን መልስ ደግሞ ይሰጣል። እናቲቱ አሥር ጊዜ ብትጫን ልጅቱ አንዲት ናት። ቍጥሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ በግምት የማይደረስበትና ለዚያች እናት ብቻ የተሰጠ ሆኖ ከተሠራ፥ ሌላ ድረ ገጽ በእርስዋ ስም ተደብቆ የሚልከው ቅጽ ይህን ቍጥር ስለማይዝ ከደጅ ይመለሳል።

በመዝገብ ከገባ በኋላም የአመላለስ ሥርዓት አለው። ሰርቨር መልሱን የሚጀምረው በቍጥር ነው። 200 ማለት መልካም ነው፤ ከ400 የሚጀምሩት የላኪው ጕድለት፥ ከ500 የሚጀምሩት የተቀባዩ ጕድለት ናቸው። አንዳንድ ሰርቨር በውስጡ ተሰብሮ ሳለ 200 ብሎ ይመልሳል፤ ይህ ደብዳቤውን ጥሎ «ደርሶኛል» እንደሚል ሰነፍ ጸሓፊ ነው። ለተቀበሉት ቅጽ ከሁሉ የሚስማማው መልስ 303 ነው፤ ትርጓሜውም «ደረሰኙን በዚህ በሌላ አድራሻ ተመልከት» ማለት ነው። ብራውዘሩም ራሱ ወደ ደረሰኙ ገጽ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ሰውየው ገጹን ቢያድሰው የሚታደሰው ደረሰኙ ነው እንጂ ቅጹ ተመልሶ አይላክም።

የሚጠየቀውም ነገር መጠን ሊኖረው ይገባል። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የቆመው የዲጂታል መታወቂያ ፋይዳ ለያንዳንዱ ሰው 12 አኃዝ ያለው ቍጥር ይሰጣል። ቅጽ ይህን ቍጥር ሲጠይቅ፥ አኃዙ 12 መሆኑን ማየት የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ቍጥሩ በእርግጥ የተሰጠ መሆኑ ሁለተኛው፥ የያዘውም ሰው ባለቤቱ መሆኑ ሦስተኛው ነው። ብዙዎች በመጀመሪያው ያቆማሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ፥ ለጕዳዩ የማያስፈልገውን መጠየቅና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ማስቀመጥ ደንብን መጣስ ሆኗል። ለአንደኛ ክፍል ምዝገባ የእናቲቱ የደመወዝ ልክ ምን ያደርጋል? የማይጠየቅ ነገር አይሰረቅም።

በአዋጅ ቍጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ ጽሑፍ በሕግ ፊት ዋጋ ያለው ሆኗል። ስለዚህ ደረሰኝ የሌለው ቅጽ ሰውን ያለ ማስረጃ ይሰዳል። ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ የመዝገቡ ቍጥር፥ የደረሰበት ቀንና ሰዓት፥ ተቀባዩ በመዝገቡ የጻፈው ስምና የትውልድ ቀን፥ ስሕተት ቢገኝ የሚታረምበት ቦታና ጊዜ። በእናቲቱ የተጻፈው ሳይሆን በመዝገብ የገባው መታየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የተቈረጠ ስም ወይም የተለወጠ ዓመት ካለ የሚገለጠው እዚህ ነው። አጭር መልእክትም በስልክዋ ቢላክላት፥ መብራት ቢጠፋም ማስረጃው ከእርስዋ ጋር ይቀራል።

እናቲቱ በደረሰኙ ላይ የልጅዋን ስም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበች፤ «ወልደ ጊዮርጊስ» ሙሉ ነበር። ቀኑንም ኅዳር 5 ቀን 2011 ዓ.ም. የሚለውን አየች። ማተሚያው ቀለም አልቆበት ስለ ነበረ ወረቀት አላገኘችም፤ የመዝገቡን ቍጥር በልጅዋ ደብተር ጀርባ ላይ በእርሳስ ገልብጣ፥ ከማያው ጋር ሁለት ጊዜ አስተያየችውና ሒሳብዋን ከፍላ ወጣች።